የመሐሉ ተወዛዋዥ

ናርዶስ ስለ ውዝዋዜ መጻፍ የጀመረችው ሌላ የሚጽፍ ሰው ስለጠፋ ነው። የካርቱም ሐበሻ የሚያነበው አንድ የፌስቡክ ገጽ አለ፤ ባለቤቱ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት ጋሽ አያሌው ናቸው። ገጹ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ወሬ ይወጣል፣ የሠርግ ጥሪ ይወጣል፣ የጠፋ ፓስፖርት ይፈለጋል። በዚያ ሁሉ መካከል የናርዶስ ዐምድ ተሰንቅሮ ይገኛል፤ የሰሞኑ የመድረክ ዜናና የእሷ አስተያየት።

ጊዜውም የሚጻፍ ነገር ያለበት ጊዜ ነበር። ድሮ ሴት ልጅ በአደባባይ ወገቧን ብታንቀሳቅስ ፖሊስ ይጠራባት በነበረ ከተማ፣ አሮጌው መንግሥት ከወደቀ ወዲህ በየግቢው ዘመናዊ ውዝዋዜ ይታይ ጀመር። ዳቦ በሰልፍ ነው፣ ቤንዚን በሰልፍ ነው፣ መብራት ቢመጣ እንግዳ ነው፤ ውዝዋዜ ግን ሞልቷል። ግማሹ አንባቢ ናርዶስን የሚያነባት ሊሰድባት ነበር። ከውጭ የመጣ የባሌ ቡድን ባሳየ ጊዜ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሷ "በጣት ጫፍ መቆሙስ ደግ ነው፤ ግን ምን ለማውረድ ነው እንዲህ የተንጠራሩት?" ብላ ጻፈችና ሳምንቱን ሙሉ ተወረደባት። ስድቡን አንድም ሳታስቀር አነበበችው፣ ደስም አላት።

አንድ ልማድ ነበራት። ትርኢት አይታ ስትወጣ፣ ጽፋ እስክትጨርስና እስክትለጥፍ ድረስ ከማንም ጋር ስለሥራው አታወራም። "ካወራሁ የምጽፈው ያየሁትን ሳይሆን የነገሩኝን ይሆናል" ትላለች። በዚህ ልማዷ ትኮራ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ላይ ላዩን ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ናርዶስን ከግቢ ግቢ የሚያዞራት የአንድ ሰው ትዝታ ነበር። ተድላ ይባላል። በመተማ በኩል የገባ፣ ሊቢያን አስቦ ካርቱም ላይ የቀረ፣ ቀን ቀን ገበያ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ የሚሸከም ልጅ። ከሥራ በኋላ መሪማ ዘንድ ሄዶ ይለማመዳል። መሪማ አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ባሌ ውጭ አገር ተምራ መጥታ የራሷን ቡድን ያቋቋመች ሴት ናት። ተድላን ያገኘችው ሠርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ አይታ ነው። ጆንያ የሚያሳርፍበት የግራ ትከሻው ከቀኙ አንድ ሐሳብ ያህል ዘግየት ይላል። መሪማ ይህን አላረመችውም፤ እንዲያውም ሌሎቹ ከእሱ እንዲማሩ አደረገች።

ተድላ ሊቢያን እንደተወ ለናርዶስ ምሎላት ነበር። ሊጋቡ ተስማምተዋል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም፤ ናርዶስን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ የኔነሽ፣ "መንገድ ላይ ያለ ሰው ባል አይሆንም" የምትል ሴት ናትና ቀን እስኪገኝ ብለው ደበቁት። ሰው የሚያውቀው መተዋወቃቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ ሕዝቡ በጦሩ መምሪያ ደጃፍ ድንኳን ተክሎ የተቀመጠበት ሰሞን መጣ። ተድላ በየማታው እዚያ ድንኳን መካከል ሲጨፍር ያመሽ ነበር። በረመዳን መጨረሻ ሰልፈኛው በጥይት ሲበተን የገባበት ጠፋ። ናርዶስ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ገበያ ሄዳ ጠየቀች፣ ቤተ ክርስቲያን ጠየቀች፣ ጋሽ አያሌውን ጠየቀች። ሁሉም "ሊቢያ ገባ" አሏት፤ ቃሉ እንኳ ከአፍ አፍ አይለይም ነበር። አመነች። አምናም ተቆጣች፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይደውል፣ ምሎ ከድቶ። ቁጣው ግን ደግ ነገር ነበረው። የሚቆጡት ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ናርዶስም በዚያ ቁጣ ተደግፋ ይኸው ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

በብርዱ ወራት፣ አንድ ማክሰኞ፣ መሪማ አዲስ ሥራዋን ዐማራት በሚባለው ሰፈር በአንድ አሮጌ ቪላ ግቢ አሳየች። መብራት ስለማይታመን ትርኢቱ የሚጀመረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ግቢው አፈር ነው፤ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ይረጩበታል። ናርዶስ እንደወትሮዋ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሻይ የምታፈላው ማዘንጊያ ዘንድ ቆመች። ማዘንጊያ ሁለት ዓመት ከሰላ ከተማ ኖራ በዚያው ሳምንት ገና መመለሷ ነበር። ድሮ ተድላ ከሥራ ሲመለስ ውኃ እየቀዳላት ሻይ በነፃ ይጠጣ ነበር።

አራት ተወዛዋዦች በባዶ እግራቸው እርጥቡ አፈር ላይ ወጡ። አንድ ሰው ዑድ ይመታል፣ አንዱ የተገለበጠ ባልዲ ይደልቃል። አራቱ ዙሪያውን ይዘው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው መሬት ሳይነካ ይቀበለዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ በዚያው ክብደት ይወድቃል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ጥሩ ሥራ ነበር። ናርዶስ እስትንፋሳቸውን ሰማች፣ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ማንም ሳይነግራት ልታውቅ ደረሰች። ይህን በልቧ እየጻፈች ሳለ አራቱ አንድም ጊዜ መሐሉን እንደማይረግጡ አስተዋለች። መሐሉ ላይ ሰው ነበር።

መቼ እንደገባ አላየችም። ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በራሱ ምት እስክስታ ይወርዳል። ዑዱንም ባልዲውንም አይሰማም። ያ ብርድ የሌሎቹን ቆዳ ሲያኮማትር የእሱ ሸሚዝ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። መጀመሪያ ላብ መሰላት። ከዚያ የግራ ትከሻው ዘግይቶ ሲነሣ አየች፤ ናርዶስም የያዘችው የሻይ ብርጭቆ እጇ ላይ ፈሰሰ።

"ወይ ይህ ልጅ" አለች ማዘንጊያ፣ ከሰሉን እያራገበች። "ተድላ አይደል እንዴ? እንዴት ከስቷል።"

ናርዶስን ደስታ ወረራት። መጥቷል። በሕይወት አለ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል መጥቶ፣ ካርቱም ገብቶ፣ ልምምድ አድርጎ፣ እዚሁ ዐማራት ሲወዛወዝ ለእሷ ግን አልደወለም። ደስታውን ሳታጣጥመው ንዴቱ ደረሰበት።

ሙዚቃው ቆመ። ሰው አጨበጨበ። አራቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እጅ ነሱ። መሐል ያለው ግን አላቆመም። ሰው ወንበሩን እያነሣ፣ እየተሳሳቀ፣ ስልኩን እያየ ሲወጣ እሱ እዚያው አንገቱን ሰብሮ ይወርዳል። ወደ እሱ የሚያይ ሰው የለም። መጨረሻውን እንዲህ ያደረገችው መሪማ መሆን አለባት ብላ አሰበች ናርዶስ፤ አልወደደችውምም።

ገብታ ልታናግረው አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሄዳም ተመለሰች። መፈለግ ያለበት እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ደጅ ወጥታ ግን ጠበቀች። አራቱ ተወዛዋዦች ከመሪማ ጋር ወጥተው አምጃድ በምትባለው ትንሽ ታክሲ ውስጥ ተጠቃጥቀው ሄዱ። ዘበኛው በሩን ቆለፈ። ሌላ በር የለውም ያ ግቢ። ናርዶስ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ አጥር ዘሎ እንዳመለጣት ለራሷ ስታስረዳ ሄደች፤ የተናደደ ሰው ለራሱ የሚያስረዳው ነገር አያጣም።

በዚያው ምሽት ጻፈች። አራቱን አመሰገነች፤ የአወዳደቃቸውን ውበት፣ የመሪማን ድፍረት፣ እርጥቡ አፈር እግር ሲስም የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር አነሣች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ስለመሐሉ ተወዛዋዥ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ተድላ ከሊቢያ ስለተመለሰ እንኳን ደኅና መጣ። ትከሻው እንደ ድሮው ነው፤ ያን ትከሻ የትም ባየው አልስተውም። ነገር ግን ከማንም ጋር አይናበብም፣ ማንንም አያይም፣ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን የረሳ ሰው ነው የሚመስለው። ሥራው አልቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ እሱ አሁንም ይወዛወዛል። ማለቁን የነገረው ሰው የለም መሰለኝ። እባካችሁ አንድ ሰው ይንገረው።"

ለጠፈችው፤ ስድቡን ልትጠብቅም ስልኳን ትራስጌዋ አድርጋ ተኛች።

ጠዋት አንድም ስድብ አልነበረም። ምስጋናም፣ ሳቅም አልነበረም። ያነበቡት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የተናገረ የለም። እኩለ ቀን ላይ ጽሑፉ ከገጹ ላይ ጠፋ። ናርዶስ ከምትሠራበት የቲኬት ቢሮ ወጥታ በቀጥታ ጋሽ አያሌው ሱቅ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ስትገባ ንግግራቸውን ዋጡ፤ አንዷ የናርዶስን ጉንጭ በመዳፏ ነካ አድርጋ ወጣች።

"ጋሼ፣ ለምን አጠፉት?"

"ኔትወርክ ነው ልጄ" አሉ ጋሽ አያሌው። ሚዛኑን ይጠርጋሉ፤ ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። "ይህች የሱዳን ኔትወርክ መቼ ታዘልቃለች። ምሳ በልተሻል?"

"በልቻለሁ። ኔትወርክ አንድ ጽሑፍ መርጦ ያጠፋል እንዴ?"

"እንግዲህ… ብቻሽን አትሂጂ፣ ቆይ ላድርስሽ" አሉ። ጋሽ አያሌው ሱቃቸውን ዘግተው ሰው ሸኝተው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ሸኟት፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ዶላር መወደድ ብቻ አወሩላት፤ በር ላይ ሲደርሱም ከየኔነሽ ጋር ሳይነጋገሩ ተያይተው ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ደግ ሆነባት። በሚኒባስ ወንበር ይለቁላታል። የኔነሽ፣ ጧት ማታ የምትጮህባት የኔነሽ፣ ሌሊት እየተነሣች ብርድ ልብሷን ታስተካክልላታለች። ናርዶስ ይህ ደግነት እንደሚያስፈራት ለማንም መናገር አልቻለችም። ሰው በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሆኖ ነው የሚያናግራት።

ሐሙስ ዕለት መሪማ ደወለች።

"ያ ናርዶስ፣ ኬፍ፣ እንዴት ነሽ? የጻፍሽውን ሳይጠፋ የያዘ ሰው ዛሬ አነበበልኝ። መሐል ላይ ማን አየሽ አንቺ?"

"ተድላን ነዋ። ለምን ደበቅሽኝ?"

"መሐሉ ባዶ ነው" አለች መሪማ። "ወላሂ ባዶ ነው። አንድም ሰው እንዲረግጠው አልፈቅድም። አዲሱ ተወዛዋዥ ኦመር ብቻ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሰው ገፋኝ፣ ሰው ገፋኝ ይላል፤ እኔም ትቀልዳለህ እለዋለሁ። አንቺ… ማንም ምንም አልነገረሽም?"

"ምኑን?"

"ማፊ፣ ምንም" አለች መሪማ ድምፅዋ ተለውጦ። "ነገ ሁለተኛው ትርኢት ነው። ነይ። ብቻሽን አትምጪ።"

ናርዶስ ስልኩን ዘጋች። አብጄ ይሆን ብላ ማሰብ ጀመረች። ከዚያ ማዘንጊያ ትዝ አለቻት። ማዘንጊያም አይታዋለች፤ በስሙ ጠርታዋለች። ሁለት ሰው አንድ ላይ አያብድም። በዚህ ተጽናንታ ወደ ማድቤት ውኃ ልትጠጣ ሄደች። ከበሩ ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ታጣፊ ወንበሮች በአንሶላ ተሸፍነው ተደግፈዋል። አጠገባቸው ከጎረቤት የመጣ ትልቅ ድስት ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"የማኅበር ነው" አለች የኔነሽ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። "ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ይመጣሉ።"

ናርዶስ እነዚያን ወንበሮች ታውቃቸዋለች። አምና ባሏ በመንገድ አደጋ የሞተባት ጎረቤት ቤት ራሷ ተሸክማ ወስዳቸዋለች። ወሬው ከታወቀ ስንት ቀን ሆኖት ሳለ፣ ሴትዮዋን እያሳቁ፣ ወንበሩን አጥር ኋላ ደብቀው፣ ወገን እስኪሰበሰብ ጠብቀው ነበር፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሁሉም አንድ ላይ ሄዶ በሩን አንኳኳ። የሐበሻ መርዶ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይናገረውም፤ ሰው እስኪሟላም የሚያውቅ ሁሉ ይዋሻል። ናርዶስ ያን ሰሞን ከዋሹት አንዷ ነበረች፣ ጥሩ አድርጋም ዋሽታለች።

ውኃውን ሳትጠጣ ብርጭቆውን አስቀመጠችው። ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ አያሌውና የኔነሽ "እኛም አንድ ጊዜ እንየው እስቲ፣ ያንቺን ውዝዋዜ" ብለው ተከተሏት። ጋሽ አያሌው በሕይወታቸው ውዝዋዜ ለማየት ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግቢው ሲደርሱ የኔነሽ ናርዶስን አስቀመጠቻት፤ እሳቸው ሻይ ፍለጋ ወደ ማዘንጊያ ሄዱ። ናርዶስ ከሩቅ አየች። ጋሽ አያሌው ጎንበስ ብለው፣ ስኳሩን እያማሰሉ፣ አንዲት ነገር ተናገሩ፤ ረጅም አልነበረም። ማዘንጊያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ ናርዶስ አይታ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች።

ትርኢቱ ተጀመረ። ዑዱ ተመታ፣ አራቱ ወደቁ፣ ተነሡ። ተድላም መሐሉ ላይ ነበር፤ ከማክሰኞው ይልቅ ከስቷል፤ ሸሚዙ ዛሬም ርጥብ ነው። ናርዶስ ከወንበሯ ተነሥታ ማዘንጊያ ዘንድ ሄደች።

"ይታይሻል?" አለቻት በሹክሹክታ።

ማዘንጊያ ወደ ግቢው አየች። ዙሪያውን ፈለገች፤ እውነትም ስትፈልግ ያስታውቅ ነበር። "ዛሬ የለም" አለች። እንባዋ ሞላ። "ማክሰኞ ግን አይቼዋለሁ። በእመቤቴ፣ አይቼዋለሁ።"

ናርዶስ ያን ጊዜ ገባት። ማክሰኞ ያየችው ማዘንጊያ ዛሬ የማታየው፣ በመካከል ጋሽ አያሌው ስለነገሯት ነው። የሰሙት አያዩትም። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሰምቷል፤ ወይም አያውቀውም። ያልሰማች እሷ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ደግሞ በሩ ይንኳኳል።

መሮጥ ትችላለች። ይህ ሐሳብ መጣላት፤ መጥቶም አላሳፈራትም። ዛሬውኑ ፖርት ሱዳን የሚሄድ አውቶቡስ ይዛ፣ ስልኳን ጥላ፣ ሐበሻ የማይደርስበት ሰፈር ገብታ መኖር። መሪማ ይህን ሥራ ባሳየች ቁጥር እየመጣች፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ከኋላ ቆማ ማየት። እስኪያረጁ ድረስ ሰውን ሁሉ እየሸሹ መኖር ይቻላል። ሰው ለባሰ ነገርም ይኖራል።

ሙዚቃው አለቀ። ሰው አጨብጭቦ መበተን ጀመረ። አራቱ ጫማቸውን ሊያደርጉ ወደ በረንዳው ሄዱ። ተድላ ግን አላቆመም። ናርዶስ ወንበሮቹን አልፋ ሄደች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ያን ያህል ቀርባው አታውቅም ነበር። የአራቱ ዱካ እርጥቡ አፈር ላይ ዙሪያውን ታትሟል፤ እሱ ያለበት ግን እንደተረጨ ለስልሶ ተኝቷል።

ከቅርብ ሲያዩት ደስታ አልነበረም። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ምት ይቆጥራል፤ ይሳሳትና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የግራ ትከሻው አሁን የሚዘገየው እንደ ድሮው አምሮ አይደለም፤ አልነሣ እያለው ነው። እንደ ደከመ የጭነት ከብት ነበር፣ አራግፉልኝ የሚልበት አንደበት የሌለው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ድንኳኖቹ እንደተነቀሉ፣ ሰዉ እንደተበተነ፣ እሱ ራሱ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። እሷ እንዳልሰማች ሁሉ እሱም አልሰማም። ናርዶስ አዘነችለት። ከመውደዷ በላይ አዘነችለት፤ በዚያች ሰዓት ለራሷ ብላ ልታቆየው አልቻለችም።

"ጋሼ አያሌው" አለች ዞራ። "እትዬ። ኑ ወደዚህ።"

መጡ። ማዘንጊያም ከሰሏን ትታ መጣች።

"ነገ ጠዋት የምትነግሩኝን አሁን እዚህ ንገሩኝ።"

የኔነሽ አፈር መሰለች። ጋሽ አያሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጠዋት ነው። ሰው ተሟልቶ፣ ካህን ባለበት…"

"እሱ እስከ ጠዋት አይችልም" አለች ናርዶስ።

ጋሽ አያሌው እሷ ወደምታይበት አዩ። ለእሳቸው ባዶ መሬት ነው። ሆኖም ምን እንዳሳመናቸው እንጃ፣ እግራቸውን ገጠም አድርገው፣ ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው ቆሙ። መርዶ ደግሞ በቀጥታ አይነገርም፤ ከሩቅ ይጀመራል። ጋሽ አያሌውም ከሩቅ ጀመሩ። ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ ማጠር ተናገሩ። ስለ ስደት ተናገሩ። ናርዶስ በሙያዋ ነገር ሲንዛዛ የማትወድ፣ የሰውን ጽሑፍ ግማሹን ቆርጣ የምትጥል ሴት ናት። አሁን ግን እንዲያንዛዙት ለመነች በልቧ። ዓይኗን ከተድላ ላይ አልነቀለችም።

"ያን ጊዜ፣ በረመዳኑ መጨረሻ" አሉ ጋሽ አያሌው፣ "እኔና ሁለት ሰዎች ወንዝ ዳር ሄደን ነበር። ውኃው ያወጣቸው ነበሩ። አንዱን አወቅነው። አንሥተን በወጉ አፈር አለበስነው። አገር ቤት ደወልን፤ ለእናቱ ካህን ተልኮ ተረዱ፤ ተዝካሩንም አወጡ። እዚህ ወገን የለውም ብለን… ማንን እናርዳ? እስኪረዱ ድረስ ሊቢያ ገባ በሉ ተባብለን ነበር፤ ከተረዱም በኋላ ወሬው እንደዚያው ቀረ። አንዱ፣ ሌላው ነግሯታል ይላል። ሌላውም እንዲያው። ምንሽ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም ልጄ። ያወቅነው በጻፍሽው ነው። ይቅር በይን።"

"ልጄን" አለች የኔነሽ፤ ከዚያ በላይ መቻል አቅቷት ድምፅዋ ወጣ። "ወይኔ ልጄን። እኔ ነኝ ያሳጣሁሽ፣ እኔን ፈርተሽ ነው የደበቅሽው።"

የተድላ ትከሻ ዘገየ። ከሩቅ ስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና አለ። እጆቹን አወረደ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቆም ስታየው ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከሸሚዙ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። የሚናገሩትን ያዳምጣል።

ናርዶስ እንደሚያልቅ ታውቅ ነበር፤ እንዲህ ቶሎ ግን አልመሰላትም። አንድ ጊዜ ትንሽ ቆዩ ልትል አፏን ከፈተች። ጉልበቱን አየች፤ አሁን አይንቀጠቀጥም።

"ይጨርሱት ጋሼ" አለች።

"ተድላ ሞቷል" አሉ ጋሽ አያሌው።

መሐሉ እርጥብ አፈር ብቻ ሆነ። ሴቶቹ ጮኹ። የኔነሽ የራሷን ነጠላ አውልቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገት አዘቅዝቃ፣ ናርዶስን አለበሰቻት። መሪማ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ሸፈነች። ናርዶስ ተንበርክካ፣ እንባዋ የት እንዳለ እንደማታውቅ፣ እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ ቀዝቃዛነቱን ትነካለች።

ኦመር ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጣ። ከቡድኑ ጋር ገና በዚህ ሥራ የተቀላቀለ ልጅ ነው፤ ስለ ተድላ የሚያውቀው ነገር የለም። ለቅሶውን አይቶ ደንግጦ፣ ጋሽ አያሌውን ክንዳቸውን ይዞ በዐረብኛ ጠየቃቸው።

"ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ማን ሞተ? ይህችስ ልጅ ምኑ ናት?"

ሁለት ዓመት ሊሞላ፣ እዚህ ወገን የለውም ሲሉ የኖሩት ጋሽ አያሌው ነበሩ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርገው ተናገሩ።

"ሚስቱ ናት።"

ናርዶስ ይህን ሰማች፤ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችውም ያን ጊዜ ነው።